መመለሻውንስ ቆርጠሃል?

ሰው ጓደኛውን ለማየት ስንት ወረቀት ያስፈልገዋል? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ከአየር ጤና ተነሥቼ ካራ ቆሬ ያለውን ጓደኛዬን ለማየት የሚያስፈልገኝ የታክሲ ሳንቲም ነው፤ እሱም ከጠፋ እግር አለ። ሐምቡርግ ያለውን ጓደኛዬን ለማየት ግን ባለፈው ክረምት ደብተር ይዤ ብቆጥር አሥራ አንድ ዓይነት ወረቀት ሆነብኝ። አንባቢ ሆይ፣ ስለ አሥራ አንዱም አላደክምህም። የማወራህ በተለይ ስለ አንዱ ነው።

በመጀመሪያ ትውውቃችንን ልናገር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አማርኛ የሚማሩ የውጭ አገር ሰዎች በቴሌግራም ከሚለማመዱበት ቡድን ውስጥ ገባሁ። እዚያ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዷ ደግሞ በጣሊያን አገር በናፖሊ አማርኛ ይማራሉ። እኔ የእነሱን ‹ኧረ› እና ‹እኮ› ሳቃና፣ እነሱ የእኔን እንግሊዝኛ ሲያቃኑ፣ ሳናውቀው ሦስት ዓመት ሄደ። የሐምቡርጉ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን «ማታ 2 ሰዓት እንነጋገር» ብለው፣ በእነሱ አቆጣጠር መስሎት፣ እኛ ሌሊት 9 ሰዓት በምንለው ጊዜ ተነሥቶ ሲጠብቀኝ አድሯል። ጠዋት «አንተ ውሸታም» የሚል መልእክት በአማርኛ ጽፎ አገኘሁ። ፊደሉ አንድም አልተሳሳተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ናፖሊ ያለችው ልጅ «ለምን ሦስታችንም ሐምቡርግ አንገናኝም?» አለች። እኔም ያን ዕለት ማታ ደብተር አወጣሁና አንድ ገጽ ላይ ‹ጉዞ› ብዬ ጻፍኩ።

መቼም ሰው ሲያቅድ ልቡ ይቀድማል። መጀመሪያ የጻፍኩት መንገዱን ነው። ከቦሌ ፍራንክፈርት በአየር መንገዳችን በሌሊት በረራ ሰባት ሰዓት ያህል፤ ከፍራንክፈርት ሐምቡርግ በባቡር አራት ሰዓት ያህል። በበጋቸው ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ የደረስኩ ያህል ደስ አለኝ። የማላውቀውን የባቡር ጣቢያ ከጦር ኃይሎች የባቡር ማቆሚያ ይልቅ አወቅሁት።

ቀጥሎ ‹ወረቀት› የሚለው ገጽ መጣ። ፓስፖርቱ ከወጣ አሥር ዓመት ያላለፈው፣ ከመመለሻ ቀን በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። እኔ እንኳ በዚህ አላማርርም፤ የእኔ ፓስፖርት ሁሉም ገጹ ባዶ ነው! ከ30,000 ዩሮ የማያንስ ሕክምና የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ80 ዩሮ ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል። ዶላሩ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከነበረበት 57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ የጻፍኩት ሒሳብ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ደብተሬ ላይ የተሰረዘው ከተጻፈው በለጠ።

ስለ ጊዜውም እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ወሰነ። ለምን? ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መልሶ በመቀበል ረገድ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም ተብሎ ነው። እንግዲህ እኔ ገና ሳልሄድ ባልተመለሰ ሰው ዕዳ ተጠያቂ ሆኜ ጠበቅሁ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ‹መመለስ› የምትል ቃል ያዝልኝ፤ ኋላ እንመጣባታለን።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የከበደኝ የባንክ ሒሳብ መግለጫው ነው። የኔ ሒሳብ ላይ ያን ጊዜ የነበረው 4,300 ብር ነው። የሐምቡርጉ ልጅ «እኔ ወጪህን እችላለሁ ብዬ ልፈርምልህ» አለኝ፤ በአገሩ ሕግ ጋባዥ እንዲህ ያለ ቃል በመሥሪያ ቤት ቀርቦ መፈረም ይችላል። ሆኖም ገቢው ይታያል። እሱም እንደ እኔ ተማሪ ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ ካፌ ውስጥ ሰሐን ያጥባል። ሁለት ድኻ ተደጋግፎ ሀብታም አይሆንም።

ይህንን ጭንቀቴን የሰፈራችን ባለሱቅ ሰሙ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር በዱቤ የሰጡን ሰው ናቸው። አንድ ምሽት ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል? እናትህ በሚቀጥለው ወር እቁብ ይደርሳታል። እኔም እጨምርበታለሁ። አካውንትህ ላይ ይግባ፣ ሦስት ወር ይተኛ፣ ወረቀቱን ታወጣለህ፣ ከዚያ ብሩን ትመልሳለህ። ስንቱ እንዲህ አድርጎ ሄዷል!» አሉኝ።

እውነቴን ነው፣ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋሼ ክፉ አልመከሩኝም፤ ከልባቸው ሊረዱኝ ነው። ግን የእናቴ እቁብ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታቀርባለች። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ከምጣዱ በላይ በኩል ያፈስሳል፤ በክረምት አንድ እጇ ጃንጥላ፣ አንድ እጇ ሰፌድ ይዞ አይቻታለሁ። እቁቡ ለቆርቆሮው ነው። ክረምት ሳይገባ መሠራት ያለበት ቤት የእኔን ወረቀት ለማሳመር ሦስት ወር ባንክ ውስጥ ሊተኛ ነው።

በማግስቱ ለእናቴ ነገርኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጇን በጉርዷ ላይ ጠርጋ፣ ዝም ብላ ቆየችና፣

«ብሩስ ይግባልህ» አለችኝ። «መመለሻውንስ ቆርጠሃል?»

«አዎ እማዬ፤ ቲኬቱ ደርሶ መልስ ነው።»

«እኅትህም ደርሶ መልስ ነበር ያለችኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ ለሁለት ዓመት ብላ ወደ ቤይሩት ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ትደውላለች፣ ትልካለች፣ ፎቶግራፏ ከቡፌው በላይ ተሰቅሏል። ትመጫለሽ ወይ ስትባል ግን ሁልጊዜ «ለፋሲካ» ትላለች። ስንት ፋሲካ አለፈ መሰላችሁ!

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ገባኝ። ያ አሥራ አንድ ወረቀት ሲጨመቅ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ትመለሳለህ ወይ? እናቴም የጠየቀችኝ እሱኑ ነው። ልዩነቱ የማስረጃው ጉዳይ ላይ ነው። ወረቀቱ የሚቀበለው ምስክር ባንክ ውስጥ የተኛን ብር ነው። በእውነት የሚመልሰኝ ነገር ግን ምን ነበር? ይህች ሴትዮ ናት። ይህ የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ከአየር ጤና እስከ ስድስት ኪሎ በሦስት ታክሲ ተጋፍቼ የምማረው ትምህርት ነው። እነዚህ በምን ማኅተም ይረጋገጣሉ? የእኔ ያልሆነ ብር ‹ይመለሳል› ብሎ ሲመሰክርልኝ፣ የእኔ የሆነችው እናቴ አትመሰክርልኝም።

ይህንን ለሐምቡርጉ ልጅ ጻፍኩለት። ማዘኔን ስላወቀ ይሆናል፣ በመልሱ የራሱን ነገር ትቶ ስለ ዩኒቨርሲቲያቸው አወራኝ። የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከላቸው በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ይጠራል፤ ‹አንተና እኔ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም› አለኝ። ስሙን ሰምቼ ነበር፤ ታሪኩን ግን ያን ጊዜ ፈልጌ አነበብኩ።

ሉዶልፍ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ግዕዝን በመጽሐፍ ተምሮ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ሄደና ከሐበሾች ገዳም አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ከተለያዩ በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ጀመር። በ1652 እ.ኤ.አ. የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ስለጋበዙ፣ አባ ከሮም ተነሥተው የአልፕስን ተራራ አቋርጠው ጀርመን አገር ገቡ። እዚያ ለወራት ተቀምጠው ለሉዶልፍ ስለ አገራቸው ሕዝብ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ቋንቋው አስረዱት። ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ወዳጅነት የወጡ ናቸው።

ታዲያ አባስ ተመለሱ ወይ? በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሲጓዙ መርከባቸው በሶርያ ባሕር ጠረፍ ሰጠመና ሞቱ። ሊመለሱ ተነሥተው ነበር፤ ባሕሩ ከለከላቸው። ሉዶልፍም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ስለ ኢትዮጵያ ጽፎ፣ ኢትዮጵያን አንድ ቀን ሳያይ በ1704 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ይህን ሳነብ ስለ አባ አዘንኩ፤ ይበልጥ የገረመኝ ግን ሁለተኛው ነው። ለካ ከሁለቱ ወዳጆች መንገዱን የሄደው ሁልጊዜ የኛው ሰው ነው! ተራራውንም ያቋረጠ፣ ባሕሩንም የጠጣ እሱ ነው። እኔም ደብተር ይዤ ስደክም የሰነበትኩት በዚያው መንገድ ላይ ነው። እኔ ወደ እነሱ ከመሄድ ሌላ ሐሳብ ለምን አልመጣልኝም? ‹ውጭ› ስንባል ልባችን ስለሚደነግጥ ነው እንጂ፣ መገናኘት ከሆነ ጉዳዩ፣ አየር ጤናም መገናኛ ነው።

ያን ዕለት ማታ ለሁለቱም ጻፍኩላቸው። «ጋሼ ባሰቡልኝ ብር አልመጣም። ተመርቄ ሠርቼ በራሴ ደመወዝ አንድ ቀን እመጣ ይሆናል። እስከዚያው ግን እናንተ ኑ። ለእናንተ ቪዛው ከቤታችሁ ሳትወጡ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ነው።» ስጽፈው ጥቂት አፈርኩ፤ እንግዳ የሚጠራ ደግሶ ነው እንጂ ቸግሮት አይደለምና። ቅሬታም አልጠፋኝም፤ ወዳጅነቱ አንድ ሆኖ በሩ ሁለት ዓይነት መሆኑ ይቆረቁራል። እነሱም ይህን አውቀዋል። የናፖሊዋ ልጅ «አፈርን፣ እንመጣለን» ብላ ጻፈች። ለጥምቀት ሊመጡ ተስማማን።

እንግዲህ ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ከቦሌ እኔ እቀበላቸዋለሁ። ሻንጣው ከቀለለ ስታዲየም ወርደን ባቡር እንይዛለን፤ ጦር ኃይሎች መጨረሻው ነው። ከዚያ ወያላው «አየር ጤና፣ አየር ጤና!» ሲል እንገባለን፤ በዘነበወርቅ፣ በአለርት በኩል አድርጎ ያደርሰናል። ሰዓት በኛ ሲባል በኛ፣ በእነሱ ሲባል በእነሱ ተብሎ ይነገራቸዋል፤ ዳግመኛ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው አይኖርም። ውኃ በሮቶ ይሞላል፤ መብራት ቢጠፋ ሻማ አለ። የአሥራ አንዱ ወረቀት ዕቅድ ግማሽ ገጽ ሆነ።

ቆርቆሮውም ተሠርቷል። እቁቡ የደረሰ ሳምንት አናጢ መጥቶ ከምጣዱ በላይ ያለውን ሁሉ ቀየረው።

እናቴ አሁን ከእኔ በላይ ታቅዳለች። ፍራሹ ከጎረቤት ይመጣል፤ በርበሬው ሚጥሚጣ እንዳይበዛበት፤ ልጅቷ ከእሷ ጋር ትተኛለች። ትናንት ሽንኩርት እየላጠች፣

«መመለሻቸውን ቆርጠዋል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ለሁለት ሳምንት ነው።»

ቢላዋውን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው! ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው! ምን ያስቸኩላቸዋል?»