ሽሮ ውሃ አይፈራም

በእንግሊዝ አገር ውሻ ይዞ ባሕር ዳር ለማረፍ የፈለገ ሰው፣ ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት የየዳርቻውን ደንብ ያነባል። ሰው የሚበዛባቸው ብዙ ዳርቻዎች ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ለውሻ ዝግ ናቸው። አንዳንዱ ጋ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዱ ጋ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ብቻ። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከዚህ ደረጃ ወዲህ ይቻላል፣ ከዚያ ወዲያ አይቻልም። የሚከራየውም ቤት የራሱ ሕግ አለው፦ «ውሻ ይፈቀዳል» ይልና ከሥር በደቃቅ ፊደል፣ አልጋ ላይ አይወጣም፣ ሶፋ ላይ አይወጣም፣ ብቻውን ቤት ውስጥ አይተውም እያለ ይዘረዝራል።

ሁሉንም አንብቤያለሁ። አንዱም ግን ስለ እናቴ አይናገርም።

እማዬ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ለንደን እኛ ጋ መጥታ ሁለት ወር ቆየች። ውሻችን ቡናማ የላብራዶር ቅልቅል ነው። ስሙን ያወጣችለት የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት፤ ቀለሙን አይታ «ሽሮ» አለችው። እማዬ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ቃሏ «ጉድ ነው! የፆም ምግብ ስም ለውሻ?» ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሳሎን ካለ እሷ ማድ ቤት፣ እሱ ማድ ቤት ከገባ እሷ መኝታ ቤት። እየጮኸች አልነበረም፤ ዝም ብላ በሩን ትዘጋለች። ልጄ ደግሞ ከሽሮ ተለይታ አንድ ሳምንት የትም አልሄድም ብላለች። ባለቤቴ «አንዳቸውን እዚህ መተው አለብን» ሲል ቀልዱን መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየሁት።

እማዬን ያሳመናት ልዑል ዓለማየሁ ነው። የምንሄድበት ደሴት አይል ኦፍ ዋይት መሆኑን ስነግራት ግድ አልሰጣትም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በኋላ፣ አባቱም እናቱም የሞቱበት የሰባት ዓመት ልጅ መጀመሪያ ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ደሴት ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበውም እዚያው ኦስቦርን ቤተ መንግሥት ነው ስላት ግን ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች። «ያ ነገር ግን ከኋላ ይቀመጥ።» ያ ነገር ማለት ሽሮ ነው።

ከሊሚንግተን ወደ ያርመዝ ጀልባው አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ውሻ የያዘ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከዚያ ቦታ የቻለችውን ያህል ርቃ ተቀመጠች። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የበርበሬውንም የሽሮውንም ዱቄት ይዛ መጥታለች፤ ማታ የተከራየነው ቤት ገብተን ወጡ ሲደርስ «ኑ፣ ሽሮ ቀርቧል!» ብላ ስትጣራ መጀመሪያ የደረሰው ውሻው ነው። ልጄ መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። ጭልፋውን እንደያዘች ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች።

ያን ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ የውሻውን የክትባት ካርድ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኬ ላይ ስለነበር ከፈትኩላት። አንድ በአንድ አስተረጎመችኝ። «የእብድ ውሻው የቱ ነው?» አለች።

የለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በአገሩ ውሾች ዘንድ ይህ በሽታ የለባትም፤ ስለዚህ ውሻ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚከተበው በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ ነው። እስከ 2000 ድረስ ከውጭ የሚገባ ውሻ ስድስት ወር ተለይቶ ይቀመጥ የነበረውም በሽታው ተመልሶ እንዳይገባ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያም «አልተከተበማ» ብላ ተነሥታ የልጄን ክፍል በር ዘጋች።

በማግስቱ ኮምፕተን ሄድን። በደሴቱ ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ ገደሉ በየዓመቱ እየተናደ ባሕሩ መሬቱን ይበላል፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ አለት ላይ የዳይኖሰር ዱካ ይታያል። ለውሻ የተፈቀደው ወገን ስንደርስ ልጄ ማሰሪያውን ፈታችው። ሽሮ እንደ ጥይት ተተኩሶ ማዕበሉ ውስጥ ገባ። ወጣ፣ ተራገፈ፣ ተመልሶ ገባ። አፉን ከፍቶ ማዕበሉን ሊነክስ ይሞክራል።

እማዬ ከላይ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ወረደች። ጫማዋን ሳታወልቅ አሸዋው ላይ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ውሃ አይፈራም» አለች።

«በጣም ነው የሚወደው።»

«አየሁት። ውሃ አይፈራም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጌትዬ ጣሳውን ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችኝ።

ጌትዬ የሚባል ሰው አላውቅም። ከዚያች ቀን በፊት ስሙን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ጉለሌ እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ውሻ በአንድ ጠዋት ሁለት ልጆች ነከሰ፤ አንዱ ታናሽ ወንድሟ፣ ሌላው የጎረቤት ልጅ ጌትዬ። አያቴ ወንድሟን ፓስተር ወሰደችው። በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ይወጋል፤ አያቴ ገበያ ስለምትውል አዝላ የምታመላልሰው እማዬ ነበረች። ሲመለሱ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ያለቅሳል፣ እሷም አብራ ታለቅሳለች። የጌትዬ ቤተሰቦች ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው የአገር መድኃኒት አጠጡት። ቁስሉም ዳነ። ከወር በላይ ቆይቶ ግን ትኩሳት ያዘው፤ ከዚያ ውሃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ይተናነቅ ጀመር። እማዬ በር ላይ ቆማ አይታዋለች። ጠማኝ ይላል፣ ጣሳውን ሲያይ ይጮኻል።

«ወንድሜን አዝዬ በደጃቸው ነበር የማልፈው» አለች። «እናቱ እዚያው ተቀምጣ ታየናለች።»

ወንድሟ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት የሆነው አጎቴ ነው።

ውሃ መፍራት በዋናነት በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ የታመመ ውሻ ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያድነው ከንክሻው በኋላ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክትባቱ መሮጥ ነው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ስለ ክትባቱ ከእኔ በላይ ታውቃለች፣ በጀርባዋ ተሸክማዋለች። ስለ ውሃው ደግሞ፣ በዚያች ሰዓት ዓይኗ ሽሮ ላይ ነበር፤ ትከሻዋም ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተአምር አይደለም። አልነካችውም። ግን ሲቀርባት መሸሽ ተወች፤ «ሂድ ወዲያ» ትለዋለች፣ እሱም አማርኛ ይሰማል። መጠጥ ቤት ገብተን አስተናጋጇ ለእኛ የምግብ ዝርዝር ሳትሰጥ በፊት ለሽሮ ውሃ በሳህን ስታቀርብ፣ እማዬ ጎንበስ ብላ እስኪጠጣ ጠበቀች። እስኪጨርስ ድረስ ዓይኗን አላነሳችም።

የመጨረሻው ቀን ፍሬሽወተር ሄድን። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው ዝነኛ ፎቶ አንሺ ትኖር የነበረው እዚያ ነው፤ ዓለማየሁን በዚያው ዓመት ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። ምስሉን በስልኬ አሳየኋት። ብዙ አየችው። ስክሪኑ ሲጠፋ በጣቷ መልሳ ታበራዋለች። በ18 ዓመቱ፣ በ1879፣ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር መቀበሩን ታውቃለች፤ አስከሬኑ ይመለስ ተብሎ በ2023 ቤተ መንግሥቱ እምቢ ማለቱንም ሬዲዮ ላይ ሰምታለች። ጠጠሩ ላይ ልጄ ኳስ ትወረውራለች፣ ሽሮ ያመጣል።

«በዚህ ዕድሜ ነው እኮ» አለች፣ ልጄን እያየች። «ማን አዘለው ይሆን?»

መልስ አልነበረኝም። ኳሱ ተንከባልሎ እግሯ ሥር መጣ። ሽሮም ተከትሎ መጥቶ ቆመ፣ ውሃ እያንጠባጠበ። እማዬ በጫማዋ ጫፍ መልሳ መታችለት።

እሷ ወደ አገሯ ከተመለሰች ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽሮን የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስጄ የእብድ ውሻ ክትባት አስወጋሁት። ሐኪሟ መርፌውን እያዘጋጀች ለወረቀቱ የሚሆን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ ወዴት አገር ነው የምትጓዙት?

«የትም» አልኳት። «እናቴ ለፋሲካ ተመልሳ ትመጣለች።»