ከንግግር ላይ ተግባር ሲቀነስ

ስለ ሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቃ የነበረኝ አስተያየት ለብዙ ዓመታት ከብዙ የሥራ ባልደረቦቼ አስተያየት የተለየ አልነበረም። ጩኸት የበዛበት፣ ዜማ የራቀው፣ የበለጸጉ አገሮች ወጣቶች ጊዜያቸውን የሚገድሉበት ነገር አድርጌ እቈጥረው ነበር። በክፍል ውስጥም ለተማሪዎቼ ይህንኑ አስተምሬአለሁ። ይህን አቋሜን ያናጋው መጽሐፍ ወይም የምሁራን ጉባኤ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ሸክላ ናት።

እኅቴን ልጠይቅ ወደ ካናዳዪቱ የቫንኩቨር ከተማ በሄድሁበት ወቅት፣ ያገለገሉ ሸክላዎች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ፣ ቀድሞ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። እኔም መምህር መሆኔን ሲሰሙ ከመደርደሪያው አንዲት ሸክላ አውጥተው አጫወቱልኝ። ርእሷ «አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ» ማለት ነው፤ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን የተጫወተውም የሙዚቃ ቡድን ዲ. ኦ. ኤ. ይባላል።

ዲ. ኦ. ኤ. ሐኪም ቤት ሲደርስ ሕይወቱ ያለፈን ሰው ለማመልከት በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ምሕጻረ ቃል ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1978 በቫንኩቨር ሲመሠረት ሦስት ወጣቶች ነበሩት፤ ጊታር እየመታ የሚዘፍነው ጆ ኪዝሊ፣ ባስ ጊታር ተጫዋቹ ራንዲ ራምፔጅና ከበሮ መቺው ቸክ ቢስከትስ። ትልልቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች እስኪጠሩአቸው አልጠበቁም። ኪዝሊ በዚያው ዓመት «ሰደን ዴዝ» የተባለ የራሱን የሸክላ አሳታሚ አቋቁሞ የመጀመሪያዋን ሸክላቸውን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት «ሃርድኮር 81» የተሰኘው አልበማቸውም ከፓንክ ሮክ ለፈጠነውና ለከረረው የአጨዋወት ስልት ስያሜው እንዲስፋፋ ረድቷል።

ራሱን የቻለ ቡድን ሲባል ግን ነጻነቱ ያለ ዋጋ የተገኘ እንዳይመስለን። ሸክላውን የሚያሳትመው፣ በቫን ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያዞረው፣ ትርኢቱ ሲያበቃ ለአድማጩ የሚሸጠው ያው ሙዚቀኛው ነው። በምላሹ የሚያገኘው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ይህን ስንኝ አለዝበው፣ ያንን አውጣው» የሚል አለቃ የሌለው መሆኑ ነው። እነ ኪዝሊም ዘረኝነትንና የኑክሌር መሣሪያን በመቃወም ሲጫወቱ ማንንም አላስፈቀዱም። መፈክራቸው በሒሳብ ቀመር የተጻፈ ነው፤ ከንግግር ላይ ተግባር ሲቀነስ ውጤቱ ዜሮ ነው ይላል።

የሸክላዪቱ መነሻ ይህ ነው። ጁላይ 7 ቀን 1983 በቢል ቤኔት የሚመራው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር መንግሥት በአንድ ቀን 26 የሕግ ረቂቆችን አቀረበ። ከእነዚህም መካከል የመንግሥት ሠራተኛን ያለ ምክንያት ለማሰናበት የሚያስችል፣ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑን የሚያፈርስና የተከራዮችን ከለላ የሚያነሣ ይገኙበት ነበር። የሠራተኛ ማኅበራትና ልዩ ልዩ የሕዝብ ድርጅቶች «ሶሊዳሪቲ» በሚል ስም ተባብረው ተነሡ። በኦገስት ወር ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በኤምፓየር ስታዲየም ተሰበሰበ፤ በኦክቶበር ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ የከተማዪቱን ጎዳና ሞላ። ኖቬምበር 1 ቀን የመንግሥት ሠራተኞች፣ ኖቬምበር 8 ቀን ደግሞ መምህራን ሥራ አቆሙ።

ዘፈኑ የዚህ ትኩሳት ልጅ ነው። ምቱ ከሌሎቹ ሥራዎቻቸው ረገብ ያለ በመሆኑ ሰልፈኛ እግሩን ሊያስተካክልበት ይችላል። ጊታሩ ጥቂት ድምፆችን እየመላለሰ ይጎረብጣል፤ አዝማቹን የሙዚቃ ትምህርት ያልቀመሰ ሰው እንኳ በአንድ መስማት ይይዘዋል። ቀድሞ ቢሆን ይህን የጥበብ ድህነት እለው ነበር። አሁን ግን የታሰበበት ቁጥብነት ነው እላለሁ፤ ዘፈኑ የተሠራው እንዲደነቅ ሳይሆን ሕዝብ ከዘፋኙ አፍ እንዲነጥቀው ነውና።

ይሁን እንጂ አጠቃላዩ አድማ ከዳር አልደረሰም። ኖቬምበር 13 ቀን የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር መሪ ጃክ ሙንሮ ኬሎና በሚገኘው የቤኔት ቤት ተገኝተው ተስማሙ፤ አድማውም ቆመ። ሠራተኛውን ያለ ምክንያት የማሰናበቱ ሥልጣን ቢገታም፣ ከሠራተኛው ጎን የተሰለፉት ብዙዎቹ የሕዝብ ድርጅቶች የጠየቁትን ሳያገኙ ቀሩ። ባለሱቁ «ማክሰኞ ወጣን፤ እሑድ አበቃ ተባልን» አሉኝና መርፌውን ከሸክላዪቱ ላይ አነሡ።

የእኔ ሐሳብ ግን ከቫንኩቨር ርቆ ሄዶ ነበር። ከዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበቱ። በሻይ ሰዓት ከመምህራኑ ሁሉ ይበልጥ የተናገርሁት እኔ ነበርሁ፤ ስለ ፍትሕ ግጥም እስከ መጥቀስ ደርሻለሁ። በስብሰባው ላይ ግን እጄን አላወጣሁም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለ ነበርሁም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ በዚያ በሚመሰገነው የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍሁ። ወይዘሮዪቱ እንድመሰክርላቸው ሲለምኑኝ የማርመው ፈተና አለብኝ ብዬ አመካኘሁ።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድሁ። ልመሰክርላቸው መምጣቴን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «መምህር፣ ነገሩ እኮ ከተዘጋ ቆየ። ይልቅ ቡናው ደርሷል፣ ይቀመጡ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተነሣም።

ኪዝሊ እ.ኤ.አ. በ2018 የበርናቢ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል፤ በ2022ም ሕዝቡ በድጋሚ መርጦታል። ራምፔጅ ግን በዚያው በ2018 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ዘፈን ብቻውን አድማ አይመታም፤ የተዘጋ ክስም አያስከፍትም። ሙዚቀኞቹ የራሳቸውን ድርሻ በሰዓቱ ሠርተዋል፤ የቀረው የአድማጩ ድርሻ ነው። ሸክላዪቱ ዛሬ ከመጻሕፍቴ መካከል ትገኛለች። ስለ ኪነ ጥበብ ተልእኮ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ማስታወሻ ስከፍት ዓይኔ እርሷ ላይ ያርፋል። ያንን ቃለ ጉባኤ የጻፍሁት እኔ መሆኔን በዚህ ገጽ ላይ ማስፈሬም ስለዚሁ ነው።