መሬቱ የሌላ፣ ቤቱ የእኛ፦ ዕዳ ያለበትን ቤት አሰላና ሚኒሶታ ስንሸጥ

አሰላ ላይ ቤቱን ሊሸጥ የተነሳ ሰው ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ስለ ካርታው ይጠየቃል። «ካርታው እጅህ ላይ ነው ወይስ ባንክ?» ይሉታል። ደላላውም፣ ገዢውም፣ ለምስክርነት የተጠሩት ጎረቤቶችም ይህን ሳያጣሩ ወሬውን አይቀጥሉም። ነገሩ ከአካባቢው ኑሮ የመጣ ነው። ከኢተያ እስከ በቆጂ ባለው የስንዴና የገብስ አገር እህል የሚነግድ ሰው ኢሱዙ ሲገዛ፣ ወይም ኮምባይነር ገዝቶ ለአጨዳ ሊያከራይ ሲያስብ፣ ለባንክ የሚያስይዘው የከተማ ቤቱን ነው። እኔ በቅርብ ከማውቃቸው የአሰላ ቤቶች ውስጥ ባንክ የያዛቸው ሁሉ የተያዙት ለንግድ በተወሰደ ብድር ነው። አርሲ ከብድር ጋር ያለው ትውውቅም የቆየ ነው፤ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ የተጀመረው ካዱ የሚባለው የግብርና ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው በብድር ያከፋፍል ነበር።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ አገር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የገዛነው ቤት ሞባይል ሆም የሚባለው ነው። ፋብሪካ ውስጥ በብረት ሻሲ ላይ ተሠርቶ፣ በመኪና ተጎትቶ መጥቶ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች በተከለለ ፓርክ ውስጥ ይተከላል። ከሰኔ 1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥቱ የግንባታ ደረጃ ነው። ቤቱ የገዢው ሲሆን መሬቱ ግን የፓርኩ ባለቤት ንብረት ነው፤ በየወሩ የቦታ ኪራይ ይከፈላል።

ይህ አደረጃጀት ለአሰላ ልጅ እንግዳ አይደለም። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ እኛም የምንሸጠው ቤት እንጂ መሬት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሏል፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አሰላ ውስጥ ቤቱ ሲሸጥ የቦታው ይዞታ አብሮ ለገዢው ይዞራል፣ ባንኩም የሚያበድረው ይህን አይቶ ነው። እዚህ ግን መሬት የሌለው ቤት እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጠራል። ሚኒሶታ ውስጥ የባለቤትነት ወረቀቱን የሚሰጠው መኪና የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ነው፤ አበዳሪው ዕዳውን የሚያስመዘግበውም በዚያው ወረቀት ላይ ነው። ወለዱ ከመደበኛ የቤት ብድር ይበልጣል፣ የመክፈያ ጊዜውም ያጥራል። ለቤት ተበዳሪዎች መከላከያ ተብሎ የወጣው ሬስፓ የሚባለው ሕግ ደግሞ መያዣው መሬት ላልሆነ ብድር አይደርስም። አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚገዛው ቤት ከሁሉ ያነሰ ጥበቃ ማግኘቱ ያስቆጣኛል።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በመሸጫው ሰዓት ነው። የእኔ ብድር በመሐል ወደ ሌላ ድርጅት ተላልፎ ነበር። ቀሪ ዕዳዬን ለማወቅ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ የሚነግረኝም ሌላ ቁጥር። ደብዳቤ እንልካለን ይላሉ፣ አይመጣም። ገዢዬ ገንዘቡን ይዞ ይጠብቃል፣ ፓርኩ ገዢውን ለመቀበል የራሱን ማጣሪያ ያደርጋል፣ የቦታ ኪራዩም አይቆምም። ወለዱ በየቀኑ ስለሚጨምር ዛሬ የተነገረ ዕዳ ለሳምንት አይሆንም። ቤቴን የሚገዛ ሰው አግኝቼ፣ ዕዳዬን ልክፈል እያልኩ፣ የሚቀበለኝ ጠፋ።

አጎቴ አሰላ ቤቱን ሲሸጥ የባንኩ ሠራተኛ ያለው ሌላ ነበር፦ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ከገዢው ጋር ኑ፤ ምስክሮቻችሁንም ይዛችሁ።» በማግስቱ የዕለቱ ዕዳ ተሰልቶ ተነገራቸው። ገዢው ያንኑ ያህል በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ አስገባ። ባንኩ በብድሩ ምክንያት በቤቱ ላይ የነበረው እገዳ እንዲነሳ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፈ፣ ካርታው ወጣ፣ ውሉ ተመዘገበ፣ ስም ዞረ፤ ቀሪው ገንዘብ ለአጎቴ ተከፈለ። ለገዢው ከባዱ ጊዜ ዕዳውን ከከፈለ በኋላ ስም እስኪዞርለት ያለው ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ቤቱ ግን በሻጩ ስም ነው። እገዳ ያለበት ቤት ሽያጭ ስለማይመዘገብ በእጁ ያለው በምስክሮች ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ምስክርና ሽማግሌ መሐል መግባቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ገዢ ሁሉ ዕዳውን ከመክፈሉ በፊት ሦስቱም ወገኖች፣ ባንኩም ጭምር፣ የፈረሙበት ጽሑፍ መያዝ አለበት ባይ ነኝ። ሻጩም ቢሆን የባንኩ ትህትና ሊያዘናጋው አይገባም፤ የ1990ው አዋጅ ቁጥር 97 ክፍያው ለተቋረጠበት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል።

ሚኒሶታ ላይ ነገሩን የፈታው ስልኩን ትቶ መጻፍ ነው። መኖሪያ ቤት መያዣ የሆነበት ብድር ሁሉ፣ ቤቱ መሬት ኖረውም አልኖረውም፣ የመዝጊያ ሒሳቡ በጽሑፍ ሲጠየቅ አበዳሪው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ትክክለኛውን እንዲሰጥ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ስለዚህ የብድር ቁጥሩንና ዕዳው የሚከፈልበትን ቀን ጠቅሳችሁ፣ የየዕለቱን የወለድ መጠንም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ላኩ፤ ቅጂውን አስቀምጡ። ካልመለሱ ለሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤት ይባላል፤ ቢሮው አቤቱታውን ለድርጅቱ ያስተላልፋል፣ ድርጅቶቹም በአብዛኛው በ15 ቀናት ውስጥ ይመልሳሉ። ለእኔ ግን ያ ሁሉ ሳያስፈልግ ደብዳቤው ራሱ ቁጥሩን አመጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው የአሰላውን ነው። መሬት ያለው ቤት ሲሸጥ ገንዘቡን በመሐል የሚይዝ ድርጅት ይኖራል፤ ሞባይል ሆም ሲሸጥ ግን ብዙ ጊዜ ሻጭና ገዢ ብቻቸውን ናቸው። ገዢዬ የዕዳውን ያህል የባንክ ቼክ በቀጥታ በአበዳሪው ስም አሠራ፣ የተረፈውን ለእኔ በሌላ ቼክ፤ አበዳሪው ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጸውን ወረቀት እስኪልክ የምንጠብቅበትንም ውል ተፈራረምን። አሰላ ያለው ሻጭም በበኩሉ ዕዳውን በጽሑፍ ጠይቆ በተቆረጠ ቀን መልስ የማግኘት፣ ከፍሎ ሲጨርስም ካርታውን በተቆረጠ ቀን የመረከብ መብቱ በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል። የሠራተኛው ደግነት ሠራተኛው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ሆናችሁ አሰላ ያለውን ቤታችሁን በዘመድ የምታሸጡ ውክልናውን ከመፈረማችሁ በፊት ቃል በቃል አንብቡት። «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም፤ ሕጉ ለዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ቤቱን መሸጥ፣ ባንክ ቀርቦ ዕዳ መክፈል፣ ካርታና የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ መረከብ፣ ስም ማዛወሪያው ላይ መፈረም፣ ገንዘብ መቀበል፣ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ። ካርታ መረከብ የሚለው ከቀረ ወኪላችሁ ዕዳውን ከፍሎ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።