ከቻይና ፊደል ወደ ራሳችን ፊደል

ዘንድሮ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን፣ በናይሮቢ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ቻይና ባህል በተዘጋጀ ገለጻና የተግባር ልምምድ ላይ ተገኝተን ነበር። መምህርቷ ደረቁን ቀለም በድንጋይ ላይ በውኃ እየፈጩ፣ ብሩሽ ቀጥ ብሎ እንደሚያዝ አሳዩን። ከዚያም «ዮንግ» የተባለውን ፊደል አስተማሩን። ትርጉሙ «ዘላለም» ነው፤ 8ቱን መሠረታዊ ጭረቶች ስለያዘ ለመለማመጃ ይመረጣል።

ልጆቻችን ደስ ብሏቸው ጻፉ። በመጨረሻ መምህርቷ «አሁን ደግሞ ስማችሁን በእናንተ ፊደል ጻፉልኝ» ሲሏቸው ግን ብዙዎቹ ቀና ብለው እኛን አዩ። አፈርን። የእጅ ጽሕፈትን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት የሰጠነው እኛው ነን።

በመጪው ዓመት እንመልሰዋለን። ወላጆችም በቤት ውስጥ አብራችኋቸው በመጻፍ አግዙን።