አፍ የፈቱበት ቋንቋ
ውድ ወላጆች፣
በ1847 እ.ኤ.አ. ከሆላንድ የተሰደዱ ሃይማኖተኛ ገበሬዎች በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ሀገር ፔላ የምትባል ከተማ ቆረቆሩ። እናቶቹ በእርሻ ያደጉ ነበሩ። ሰንበታቸው እሑድ ስለሆነ ድንቹን ቅዳሜ ልጠው ያስቀምጡ ነበር። ከማዕድ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው ይነበባል። በ1918 ግን የአዮዋ ገዥ በአደባባይ፣ በስልክም ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር አወጀ፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ በቤቱ ይጸልይ ተባለ።
ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም የጎንደር ገበሬ ነበረች፤ ዓርብ የሰንበቱን ዳቦ ጋግራ እሳቷን ታጠፋለች። እዚህ መጥተን ሐኪሙ ሲጠይቃት ግን፣ እኔ ቀድሜ በዕብራይስጥ «እሷ አታውቅም» አልኩ። አንገቷን ደፋች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።
እኛን የሚከለክል አዋጅ የለም። ልጆቻችሁ ዕብራይስጥ ይማሩ፤ እናንተም የምታውቁትን አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ ንገሯቸው።
ሰንበት ሰላም።