ፍርድ ካለቀ በኋላ

በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ መካከል፣ ስንዴና ገብስ በሚዘራበት ሜዳ የሚኖር አንድ የገበሬ ልጅ በልብ ይታሰብ። ይህ ልጅ ስለ እርሻ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በቍጣ ዱላ አነሣ፤ የጎረቤቱም እጅ ተሰበረ። ልጁ ተከሰሰ፤ ተፈርዶበትም ታሰረ። የእስራቱ ዘመን የተቈጠረ ነው፤ ዳኛው ተናግሮታል፣ ጸሓፊውም በመዝገብ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ማንም አልቈጠረውም።

ተፈትቶ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ እናቱ አቅፋ ትስመዋለች፤ አባቱም ከመሬቱ ቈርሶ ይሰጠዋል። ነገር ግን በዘር ጊዜ ስንዴ ሊበደር ቢሄድ ዋስ ጥራ ይሉታል፤ ዋስም አያገኝም። ወደ ከተማ ወርዶ ዘበኛ ልሁን ቢል፣ ቀጣሪው ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ ይለዋል፤ ያን ጊዜ የጣቱን አሻራ የሰጠበት ቀን ትዝ ይለዋል። ሽማግሌ ልኮ ሚስት ቢያስጠይቅ፣ የልጅቱ አባት ቡና አጠጥቶ በክብር ይሸኛቸዋል፤ መልስ ግን አይሰጥም። ፍርድ ቤቱም ከእስራቱ ጋር ሕዝባዊ መብቱን ሽሮበት እንደ ሆነ፣ መምረጥና መመረጥ፣ ለሰው ውል ምስክር ወይም ዋስ መሆንም ይከለከላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ገና ያልተፈረደበት ሰው ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፣ የተከሰሰ ሰው ፍርዱ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቈጠርም ይላል። ገበያ ግን ሕገ መንግሥት አያነብም። ፖሊስ ሲወስደው ያየው ሰው መቶ ነው፤ በነጻ ሲሰናበት የሚያየው ጸሓፊውና የበሩ ዘበኛ ብቻ ነው።

የባሌ ኦሮሞ አባቶች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ሰው ከሰው በተጣላ ጊዜ ሽማግሎች በጃርሱማ ተቀምጠው ያስታርቃሉ፤ ነፍስ ጠፍቶ እንደ ሆነም ጉማ ተከፍሎ የገዳይና የሟች ወገን ይታረቃል። መንግሥትም ትልቅ ነገር ይቅር ያለበት ጊዜ አለ። በ1955 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ዐመፅ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ መሪው ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን በሰጡ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምሕረት አደረጉላቸው። ጦር ላነሣ ምሕረት ከተገኘ ዱላ ላነሣ ስለ ምን ይጠፋል? ለትልቁ ሰው የሚለምንለት ብዙ ነው፤ የትንሹን ስም የሚያነሣ ግን የለም።

ሆኖም ለትንሹም በር አለ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርሱን የተካው የወንጀል ሕግም፣ መሰየም የሚባል ሥርዓት አላቸው። መሰየም በራሱ አይመጣም፤ ማመልከት ያሻል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዚያ የቀለለ የተፈረደበት 2 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ የበደለውን በሚችለው መጠን መካስ፣ ጠባዩንም ማሳመር ይገባዋል። የተሰየመ እንደ ሆነ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ እንዳልነበረም ይቈጠራል። ሕጉ ከዚህም አልፎ ይሄዳል (ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም)፤ የተሰረዘውን ፍርድ በክፋት አንሥቶ የሚዘልፍ ሰው ክብርን በመንካት ይጠየቃል፣ የተናገርሁት እውነት ነው ብሎ ማስረጃ ቢያቀርብም አያመልጥም።

እንግዲህ ልጁ ዓመቱን ጠብቆ፣ ካሣውን ከፍሎ፣ ማመልከቻውን ይዞ ከዳኛ ፊት ቢቆም፣ ጠባይህ መታረሙን ማን ያውቅልሃል መባሉ አይቀርም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ አገር አይመጣም። ዋስ ልሁንህ ያላሉት፣ ልጃቸውን የከለከሉት፣ በገበያ ሲያልፍ ያንሾካሾኩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከእነርሱም መካከል በዱላ የተመታው ሰው አለ፤ እጁ ከዳነ ብዙ ዘመን ሆኖታል።