በገመድ ያልገባው ዝማሬ

በነህምያ 8 ላይ ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ያነበበው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የእንጨት መረባርብ ላይ ቆሞ ነው። በቀኙና በግራው የቆሙት 13 ሰዎች በየስማቸው ተጽፈዋል፤ እንጨቱን የጠረቡት ግን አልተጠቀሱም። ከአዳራሹ ጥግ፣ ከሚክሰር ኋላ የምንቀመጥ የሳውንድ አገልጋዮች እነዚያን አናጢዎች እንወዳቸዋለን። ከማለዳ እስከ ቀትር የሚሰማ ሕዝብ እንደሚመጣ አውቀው፣ ከኋላ ስለሚቆመው ሰው አስቀድመው ያሰቡ ናቸው።

የእኛ መረባርብ ባለ 12 ቻናል ትንሽ ሚክሰር ናት። 12 ትባል እንጂ ማይክ የምትቀበለው በ6 መሰኪያ ብቻ ነው። ለሰባኪው፣ ለአምልኮ መሪዋና ለሦስት መዘምራን 5ቱ ያልቃሉ፤ ኪቦርዱ በስቴሪዮው መስመር ይገባል። አንዷን መሰኪያ የምንቆጥባት በምክንያት ነው።

እሁድ ጠዋት ጸልየን መጀመሪያ የምንነካው ጌይንን ነው። ከመግቢያው የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ ፌደሩ ዝቅ ቢል አይድንም። ስለዚህ ሰባኪያችንን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አናስቆጥረውም፤ በለሆሳስ የሚቆጥር ሰው ስብከቱ ሲግል ሌላ ሰው ነው። መንፈሱ እንደተነሣሣ ሆኖ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲናገር እንለምነዋለን፤ ቀዩ መብራት እስከማይበራበት ድረስ ጌይኑን እናስተካክላለን። ቀጥሎ ከ80 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን የሚቆርጠውን ቁልፍ በማይኮቹ ሁሉ ላይ እንጫናለን፤ የእግር ኮቴና የማይክ መጨበጥ ጉምጉምታ ያኔ ይቀንሳል። ቀጭኑን ድምፅ ማብዛት ደግሞ የጌታን ስም ራሱ ያፏጨዋል፦ «ኢየሱስ» ሲባል ያሉት ሁለቱ «ሰ»ዎች ጆሮ ይወጋሉ።

ድምፅ ሲጨመር ቅባት የሚጨመር የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። በፊተኛው ወንበር ያሉ እናቶች ጆሮአቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲያመልኩ ላየ ሰው ይህ አያስኬድም።

አሁን ወደ ቆጠብናት መሰኪያ እንምጣ። የአምልኮውን ቅጂ በስልክ ከምንልክላቸው መካከል በባሕረ ሰላጤው አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን አለች። አርብም እሁድም መውጣት አይፈቀድላትም፤ የምትሰማው ሌሊት ሥራ ሲያልቅ ነው፣ ባንድ ጆሮ። አንድ ቀን በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችን፦ «ስብከቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። በዝማሬው ጊዜ ግን ዘማሪዋ ብቻዋን ናት። ሕዝቡ የት ሄደ?»

ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ ነበር። ነገሩ ሚክሰር የሚያውቀው በገመድ የገባለትን ብቻ መሆኑ ነው። በትንሽ አዳራሽ ከበሮና ጭብጨባ ማይክ አያሻቸውም፤ የ200 ሰው ዝማሬም እንዲሁ። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉንም ይሰማል፤ ወደ መቅረጫው የሚሄደው ግን ባዶ ቤት ነው። ለእሷ ደግሞ ያ ባዶ ቤት ጉባኤዋ ነው።

ስለዚህ ስድስተኛዋን ለምእመናኑ ሰጠናት። ኮንደንሰር ማይክ ስለሆነ 48 ቮልት ፋንተም ይፈልጋል፤ ስንጭነው የስፒከሩ ድምፅ ዝግ ይሁን። ከመድረኩ ጫፍ ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ ስፒከሮቹ አድርገን እናቆመዋለን። በሚክሰራችን እያንዳንዱ ቻናል ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «ኤስቲ» ወደ ስፒከር፣ «1-2» ወደ ግሩፕ ይልካሉ። ሌሎቹን በሁለቱም እንልካለን፤ የምእመናኑን ማይክ በ«1-2» ብቻ። መቅረጫውን ከግሩፑ መውጫ ላይ እንሰካለን፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዲሲቤል አካባቢ እንዳያልፍም እንጠብቃለን። ግሩፑን ወደ ዋናው የሚመልሰው ቁልፍ ግን አይነካም፤ ከተነካ የሕዝቡ ማይክ በስፒከር ወጥቶ አዳራሹን ያስጮኸዋል። ስብከት ሲጀመር ይህን ማይክ ዝቅ እናደርገዋለን እንጂ አንዘጋውም፤ «አሜን» የሚለውም ሰው ይሰማ።

እኅታችን ከዚያ ወዲህ በላከችው መልእክት የአንዲት እናትን እልልታ በድምፃቸው እንደለየች ነግራናለች። ጎረቤቷ ነበሩ። ማይኩ ሕፃናት ከሚያለቅሱበት ረድፍ ይራቅ የሚል አስተያየትም ከሽማግሌዎች ቀርቦልናል። እስካሁን ከቦታው አላነሣነውም።